ለእናቴ፦ ስለ መስሚያው፣ ስለ በር ደወሉና ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ግንቦት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ ስንነጋገር ግማሹ መንገድ ላይ ስለሚቀር፣ ስለ ጆሮ መስሚያውና መንገደኛ ይዞልሽ ስለሚመጣው ዕቃ ያለውን ሁሉ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። መነጽርሽን አድርገሽ በእርጋታ አንብቢው። የገመዱንና የቅንብሩን ሥራ አብራሽ ያለችው ትዕግሥት ትሠራዋለች፤ እሷን የሚመለከተውን በስሟ ጠርቼ ጽፌዋለሁ።

የምርመራ ወረቀትሽን ፎቶ አየሁት። በወፍራሙ ድምፅ በኩል፣ 250 እና 500 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ላይ፣ መስመሩ 35 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ፤ እዚህ ቁጥሩ ሲጨምር መስማቱ ቀንሷል ማለት ነው) አካባቢ ነው፤ ከ2000 ኸርዝ ወዲያ ግን 65 ደርሷል። ዕድሜ የሚያመጣው የመስማት መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ ይሄዳል። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ከ፣ ጠ ቀጫጭን ስለሆኑ ይጠፋሉ፣ የቃሉ ዜማ ብቻ ይቀራል። «ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚሉት ግን አይለይልኝም» የምትዪው ለዚህ ነው። ሰው ሲጮኽልሽም የማይረዳሽ ለዚሁ ነው፤ ጩኸት ወፍራሙን ያጎላዋል እንጂ የጠፋውን አይመልሰውም።

ወንድሜ መስሚያውን ከዚህ ገዝተን እንላክ ይላል። እኔ አልተስማማሁም። እዚህ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ አሉ፣ ግን የተፈቀዱት ቀላልና መካከለኛ የመስማት መቀነስ ላለባቸው አዋቂዎች ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማስተካከያው ነው። መስሚያ በኮምፒውተር ከምርመራው ውጤት ጋር ይገጣጠማል፣ ለብሰሽው ከከረምሽ በኋላ እንደገና ይስተካከላል፣ ከዚያም በየጊዜው። መስሚያውን የሠራው ፋብሪካ ሶፍትዌርና ገመድ ያለው ባለሙያ አጠገብሽ ከሌለ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መስሚያው እዚያው ከሚያስተካክልልሽ ባለሙያ ይገዛ፣ ገንዘቡን እኛ እንልካለን። ሰዓት በሚሸጥበት ሱቅ የሚገኘውን ርካሽ ማጉያ ግን አትግዢ፤ ሁሉንም ድምፅ እኩል ስለሚያጎላ የሳህኑ ግጭት ጆሮሽን ይሰነጥቀዋል፣ ሰውየው የሚለው ግን ያው አይለይም።

ከሁሉ በፊት ኩክ ይታይ። የአንገት በላይ ሐኪሙ ኩኩን ሳያወጣ የጆሮሽ ልክ አይወሰድ፤ ኩክ እያለ የተወሰደ ልክ አይገጥምም፣ ያልገጠመ ደግሞ ያፏጫል። የደረቀ ከሆነ 2 ወይም 3 ጠብታ የወይራ ዘይት በቀን 3 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ድረስ ያለሰልሰዋል። ፈሳሽ ካለው ወይም የጆሮሽ ታምቡር ተቀዶ የሚያውቅ ከሆነ ግን ምንም አይንጠብበት። ክብሪት፣ የፀጉር ሽቦ፣ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት፣ አንዱም አይግባ፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አንድ ጆሮሽ በድንገት ከተደፈነ «ኩክ ነው» ብለሽ አትቆዪ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። ሕክምናው የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠለውን ምረጪ። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን «አይታይም» እያሉ ያባብሉሻል፤ የእሱ ባትሪ የምስር ክክ ስለሚያህል በጣትሽ አይያዝም። ባለ 13 ቁጥር ባትሪ (ብርቱካንማ ወረቀት የተለጠፈበት) ወይም ባለ 675 (ሰማያዊ) ይሁን። በቻርጅ የሚሠራውን አልወደድኩትም፤ ማታ መብራት ከጠፋ ጠዋት ያለ ጆሮ ነው የምትውዪው። «ቲ-ኮይል አለው ወይ?» ብለሽም ጠይቂ፤ ድምፅን በማግኔት የሚቀበል ትንሽ የሽቦ ጥቅል ነው፤ ለቴሌቪዥኑም ለስልኩም በኋላ ይጠቅማል።

ባትሪው በአየር ነው የሚሠራው። ወረቀቱ ሲላጥ ጀርባው ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ይገባና ኃይል መስጠት ይጀምራል። ላጪው፣ ቀዳዳው ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይግባ። ወዲያው ከገባ ቶሎ ይደክማል። አንዴ ከተላጠ ደግሞ ብትጠቀሚበትም ባትጠቀሚበትም ያልቃል፣ ወረቀቱን መልሶ መለጠፍ አያድነውም። ስለዚህ ለነገ ብለሽ ቀድመሽ አትላጪ። 13 ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይሄዳል። የ60 ባትሪ ካርቶን ለሁለት ጆሮ 30 ቅያሪ ነው፣ በ10 ቀን አንዴ ብትቀይሪ 300 ቀን ያደርስሻል። ከዚያ በላይ አከማችታችሁ አትግዙ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ቀን እዩ። ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥ፣ እርጥበት ያበላሸዋል። የወለቀውን ባትሪ ልጆች እንዳያገኙት፤ ቢውጡት አደጋ ነው፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው።

የትኛው የየትኛው ጆሮ እንደሆነ በቀለም ይለያል፦ ቀይ ምልክት ያለው የቀኝ፣ ሰማያዊው የግራ። «ቀይ ለቀኝ» ብለሽ ያዢው። መሥራቱን ለማወቅ መዳፍሽ ውስጥ አድርገሽ ጨብጪው፤ ካፏጨ ነፍስ አለው። ጆሮሽ ላይ ሆኖ ካፏጨ ግን ወይ በደንብ አልገባም፣ ወይ ኩክ አለ፣ ወይ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ወይ ድምፁ በዝቷል፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይታይ። ጨርሶ ዝም ካለ ባትሪው ይቀየር፤ ያም ካልሆነ የሞልዱ (ጆሮ ውስጥ የሚገባው የላስቲክ ክፍል) ቀዳዳ በኩክ ተደፍኖ ይሆናል። «ተበላሸ» ተብሎ ወደ ሱቅ ከሚመለሰው ውስጥ ብዙው ይኸው ነው።

ትዕግሥት፣ በሳምንት አንዴ የላስቲክ ሞልዱንና ቱቦውን ከመሣሪያው አላቅቂና ለብ ባለ ውኃና ሳሙና እጠቢ። በትንሿ የጎማ መንፊያ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ውኃ አስወጪ፣ አንዲት ጠብታ ከቀረች ድምፁን ትዘጋለች። ሌሊቱን ደርቆ ጠዋት ይገጠም። መሣሪያው ራሱ ውኃም አልኮልም አይንካው፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጠረግ። ቱቦው ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ይደርቅና ይጠነክራል፣ ባለሙያው ይቀይረው።

እማዬ፣ ሦስት ነገር ለአንቺ ብቻ። ቅቤ የምትቀቢ ቀን መስሚያው ይውለቅ፣ ፀጉርሽ ታጥቦ እስኪደርቅ አይመለስ፤ ቅቤ ሲቀልጥ የማይክሮፎኑን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ማጽዳቱም ከባድ ነው። ሻሽሽና ነጠላሽ ማይክሮፎኑን ሲሸፍኑት ድምፁ ተመልሶ ያፏጫል፣ ሲታሹበትም ይንኮሻኮሻል፤ ሻሹ ከጆሮ ኋላ ላላ ብሎ ይታሰር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ማታ ባትሪው ወጥቶ መሣሪያው ማድረቂያ ፍሬ ባለበት ክዳን ያለው ብርጭቆ ውስጥ ይደር። ፍሬዎቹ ቀለማቸውን ሲለውጡ ጠግበዋል ማለት ነው። ሩዝ ይሆናል የሚሉትን አትስሚ፣ ዱቄቱ ቀዳዳ ይገባል። ምድጃ አጠገብም ፀሐይ ላይም አይድረቅ።

መጀመሪያ ሰሞን የገዛ ድምፅሽ ከበርሜል ውስጥ እንደሚወጣ ይሆንብሻል፤ ያልፋል። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ በቀን 2 ወይም 3 ሰዓት ጀምሪና እየጨመርሽ ሂጂ። በሰርግና በለቅሶ ቤት አትጀምሪው፤ እዚያ ጤነኛ ጆሮም ይቸገራል። የሚያስደነግጥሽን ድምፅ ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፊ፣ ለማስተካከያ ስትሄጂ ለባለሙያው ስጪው። «አልተስማማኝም» ከማለት «ቧንቧው ይበሳል፣ የልጅ ድምፅ ግን አይለይም» ብትይው በደንብ ይሠራበታል።

አሁን ወደ ሻንጣው። የውጭ በር ደወሉ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ብልጭታ አለው። ሁለት መቀበያ አለ፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ወጥ ቤት ይሰካ። ትዕግሥት፣ ካርቶኑ ላይ «100 ሜትር» የሚለው በሜዳ ነው፤ የብሎኬት ግንብና የብረት በር በጣም ያሳጥረዋል። መጫኛውን የብረቱ በር ላይ አትለጥፊው፣ ብረት ሬዲዮውን ያፍነዋል። የግንብ ምሰሶው ላይ፣ ዝናብ በማያገኘው ጥግ ይሁን። ከመለጠፍሽ በፊት በእጅሽ ይዘሽ ከቦታው ጫኚና ሁለቱም መቀበያ መብራታቸውን አይተሽ አረጋግጪ። ለማስተዋወቅ መቀበያው ላይ ያለውን ቁልፍ መብራቱ እስኪርገበገብ ያዢ፣ ከዚያ የበሩን ተጫኚ። አንዳንድ ጊዜ ሰው ሳይኖር ቢበራ የጎረቤት ደወል ወይም የመኪና ሪሞት ነው፤ እንደገና አስተዋውቂው።

እዚህ የሚሸጡት ብዙዎቹ ባለ ብልጭታ ዕቃዎች የ120 ቮልት ናቸው፣ በ220 ወዲያው ይቃጠላሉ። የምልካቸው ሁሉ ቻርጀራቸው ላይ «100–240» ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ ሌላ ዘመድ ሌላ ዕቃ ቢያመጣ ይህን ሳታዩ እንዳትሰኩ። ጠፍጣፋውን እግር ወደ ክብ የሚቀይረው ትንሽ አዳፕተር ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ስለሚዘል ማረጋጊያ ባለው ዲቫይደር ይሰኩ።

የሚንቀጠቀጠው ሰዓት ለመድኃኒትሽ ነው። የሚንቀጠቀጠው ክብ ክፍሉ ትራስ ሥር፣ ጨርቁ ውስጥ ይግባ፤ ከፍራሹ ሥር ከሆነ ስፖንጁ ይውጠዋል። ውስጡ የመጠባበቂያ ባትሪ አስገቡ፣ ካለዚያ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱም ይጠፋል። ትዕግሥት፣ በእኛ ሰዓት ለመሙላት ባለ 12 ሰዓቱን አማራጭ ያዢና ጠዋት ልክ 12 ሰዓት ሲሆን 12:00 ኤኤም ብለሽ ሙዪው። ከዚያ በኋላ ኤኤም የሚለው ቀኑ፣ ፒኤም የሚለው ሌሊቱ ይሆናል።

ለቴሌቪዥኑ የምልከው ገመድ አልባ ማዳመጫ ነው፤ አንቺ በልክሽ ትሰሚያለሽ፣ ቤቱ በልኩ። በብሉቱዝ የሚሠራው ድምፁ ከከንፈሩ ስለሚዘገይ የራሱ ማሰራጫ ያለውን ወሰድኩ። ትዕግሥት፣ በኦፕቲካል ገመድ (ድምፁን በብርሃን የሚያስተላልፈው) ሰክተሽው ዝም ካለ፣ በቴሌቪዥኑ ቅንብር ውስጥ የድምፅ መውጫውን «ፒሲኤም» (PCM) ላይ አድርጊው።

ስልኳ ላይ ላይቭ ትራንስክራይብ የሚለውን መተግበሪያ አውርጂላት፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጊ፣ ፊደሉን አግዝፊ። የሚነገረውን እየሰማ ይጽፋል። ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስልኩ ወደ ተናጋሪው፣ ከግማሽ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይሁን። የሰው ስም ያበላሻል፣ ሁለት ሰው አብሮ ሲያወራም ይደናበራል፤ ለቡና ወሬ አይሆንም፣ ለሐኪም ቤት ግን ግሩም ነው። ድምፅ ማሳወቂያ የሚባለው የበር ማንኳኳትንና የማንቂያ ጩኸትን ሰምቶ ይንቀጠቀጣል፤ ለእሳት ግን እሱን አምናችሁ እንዳትተኙ።

ለዚያ ሌላ ዕቃ አለ። ተራው የጭስ ማንቂያ 3000 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚጮኸው፣ ያም አንቺ ከማትሰሚው በኩል ነው። የምልከው 520 ኸርዝ ላይ በወፍራሙ ይጮኻል፣ ይበራል፣ ትራስ ሥርም ያንቀጠቅጣል። ሳሎን አይሰቀል፣ ዕጣኑና የቡናው ጭስ በየቀኑ ይቀሰቅሰውና ተሰላችታችሁ ባትሪውን ታወጡታላችሁ። መኝታ ቤትሽ ጣሪያ ላይ ይሁን። የካርቦን ሞኖክሳይዱ (ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ) ማንቂያ ለብቻው ነው፣ እሱ አልጋሽ አጠገብ፣ በራስሽ ከፍታ ልክ ይቀመጥ። ክረምት ለብርዱ ብለሽ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት እንዳታስገቢ ግን አደራ እላለሁ፤ ያ ጋዝ አይሸትም፣ ማንቂያውም ጋዙ በጣም ካልበዛ ለመጮኽ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅበት ይችላል።

ለቤቱ ሰው ሁሉ፦ እማዬን ከሌላ ክፍል አትጥሯት። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ መስሚያው ብቻውን ይህን አይተካውም። ፊት ለፊት፣ አንድ ሜትር ላይ፣ አፍን ሳይሸፍኑ፣ በልክ ድምፅ ቀስ ብሎ መናገር ነው። ያልሰማችውን ያንኑ አትድገሙላት፣ በሌላ ቃል በሉት። ወንበሯም ጀርባው ለመስኮቱ ይሁን፣ ብርሃኑ እናንተ ፊት ላይ እንዲያርፍ። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ወሬውን አቁሙት፣ ወይም ጻፉላት።

ትዕግሥት፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ፣ መሰኪያዎቹ በደንብ እንዲታዩ አድርገሽ፣ የመኝታ ቤቱን ሶኬትም ጨምረሽ ፎቶ አንሺና በቴሌግራም ላኪልኝ። ሻንጣው ሳይዘጋ የጎደለ ገመድ ካለ እጨምራለሁ። ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ልጅሽ