ልጃችን ኢቫሉዌሽን ሳይደረግለት «እንግሊዝኛው እስኪጠነክር ጠብቁ» መባላችንን በተመለከተ

ለትምህርት ዲስትሪክቱ የስፔሻል ኤጁኬሽን ቢሮ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ይሄን በአማርኛ የምጽፍላችሁ እንግሊዝኛ ጨርሶ ስለማላውቅ አይደለም፣ ለስራ የሚበቃኝ አለኝ፣ ግን የልጄን ነገር በሚጎድለኝ ቋንቋ ሳወራ ሰዎቻችሁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ ፈገግ ይላሉ በኋላ ሳየው ካልኩት ውስጥ አንዱም ወረቀት ላይ የለም። ስለዚህ በደንብ በምችለው ጻፍኩት፣ ማስተርጎሙ የናንተ ስራ ነው።

ልጃችን ሁለተኛ ክፍል ነው። ፊደል ይለያል ግን አገጣጥሞ ማንበብ አቅቶታል፣ ሁለት ሶስት ነገር አከታትለው ሲያዙት አንዷን ብቻ ይዞ ይቀራል፣ አስተማሪዋ ራሷም (ጥሩ ሰው ናት፣ እሷ ላይ ቅሬታ የለኝም) የሆነ ነገር እንዳለ ነግራናለች። እኔና ባለቤቴ ኢቫሉዌሽን፣ ማለትም ለመማር የሚያስቸግረው ጉዳት እንዳለበት የሚለይ ምርመራ፣ ይደረግለት ብለን በጽሁፍ ጠየቅን። መልሱ ግን በስልክ መጣ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ ስለሚነገር እንግሊዝኛው እስኪጠነክር እንጠብቅ፣ እስከዛ በትንሽ ግሩፕ ንባብ እናግዘው፣ በዛ ላይ ምርመራውን የሚያደርግ የስኩል ሳይኮሎጂስት እጥረት አለብን፣ ተባልን በቃ።

ልጁ እዚሁ አሜሪካ ነው የተወለደው፣ ከኪንደርጋርተን ጀምሮም እናንተው ጋ ነው። ከሁሉ በፊት ልትጠይቁን ይገባ የነበረውን ደግሞ ማንም አልጠየቀንም፣ በአማርኛስ እንዴት ነው? የሚለውን። በአማርኛም ያው ነው! ሁሌ የሚይዘው እቃ ስሙ ይጠፋዋል፣ «ያንን ነገር፣ እሱን» እያለ በጣቱ ያሳያል፣ ተረት ስንነግረው መጨረሻው ጋ ስንደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል፣ በእድሜ ከሱ የሚያንሰው የእህቴ ልጅ ግን ያንኑ ተረት መልሶ ይተርክልናል። በሁለቱም ቋንቋ በአንድ አይነት መንገድ የሚቸገር ልጅ ላይ እንግሊዝኛን ሰበብ ማድረግ እኔ አይገባኝም።

ሕጉን አንብቤዋለሁ። በ1975 ወጥቶ በ1990 አይዲኢኤ የሚለውን ስም ያገኘው የፌዴራል ሕግ፣ ዲሰብሊቲ (እንዲህ ያለ ጉዳት) ሊኖርበት ይችላል ተብሎ የሚጠረጠርን ልጅ ፈልጎ ማግኘትና መመርመር የዲስትሪክቱ ግዴታ ነው ይላል፣ ቻይልድ ፋይንድ የምትሉት እሱን ነው። ወላጅ የፈቃድ ፎርም ከፈረመ ደግሞ ስቴቱ የራሱ ቀነ ገደብ ከሌለው ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከፊርማው ነው፣ እናንተ ደግሞ ፎርሙን አልሰጣችሁንም፣ ፎርም ከሌለ ፊርማ የለም ፊርማ ከሌለ ቀን አይቆጠርም፣ ብልሃት ነው እንግዲህ። አንመረምርም ካላችሁም እምቢታችሁን ከነምክንያቱ በጽሁፍ፣ በምንረዳው ቋንቋ መስጠት ነበረባችሁ፣ በስልክ «እንጠብቅ» ማለት ሕጉ ውስጥ የለም።

በርግጥ ሕጉ አንድ ልጅ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ዲሰብሊቲ አለበት እንዳይባል ይከለክላል፣ እሱን እኔም እደግፋለሁ፣ ስንት የስደተኛ ልጅ ያለቦታው ተመድቦ ይሆናል። ግን እሱ ከምርመራው በኋላ ውጤቱ ታይቶ የሚወሰን ነገር ነው። ችግሩ ከቋንቋ ይሁን ከሌላ የሚለየው በምርመራው ከሆነ፣ ቋንቋውን ምክንያት አድርጎ ምርመራውን መከልከል እንዴት ይሆናል? ፈተናውም ቢሆን ልጁ የሚያውቀውን በትክክል ሊያሳይ በሚችልበት ቋንቋ እንዲሰጥ ነው ሕጉ የሚለው። የንባብ ግሩፑን አልጠላሁም፣ ይቀጥል፣ ግን የፌዴራሉ ትምህርት መስሪያ ቤት በ2011 ለስቴቶች በጻፈው ማስታወሻ እንዲህ ያለ እገዛ ኢቫሉዌሽንን ለማዘግየት ወይ ለመከልከል ሊያገለግል አይችልም ብሏል።

የሰው እጥረቱን አምናለሁ። ኮንግረስ በ1975 ለስፔሻል ኤጁኬሽን፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ትምህርት፣ ከአንድ ተማሪ አማካይ ወጪ እስከ 40 ፐርሰንት እሸፍናለሁ ብሎ እስከዛሬ ሞልቶት አያውቅም፣ እሱን ከዋሺንግተን ጋር ተጨቃጨቁ፣ እኛም ለዛ አቤቱታ ፈርሙ ካላችሁን እንፈርማለን። ልጁ ላይ ግን አይመጣም። በ1972 የዲሲ ትምህርት ቦርድ ሚልስ በሚባለው ክስ ገንዘብ የለንም ብሎ ሲከራከር ፍርድ ቤቱ ጉድለቱ ዲሰብሊቲ ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎቹ በላይ ሊጫን አይችልም ብሎ ነው የመለሰው። ሕጉ ሳይወጣ እንኳን እንደዛ ተብሏል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሚቲንግ ብላችሁ ስትጠሩን ያደረጋችሁት ነው። አስተርጓሚ አላመጣችሁም፣ ሰባተኛ ክፍል ያለችውን ሴት ልጃችንን ከክላስ አስወጥታችሁ ተርጉሚ አላችኋት፣ ስለገዛ ወንድሟ! ፊቷ ቀልቶ እያየሁ አንድም ወረቀት አልፈርምም ብዬ ወጣሁ። በሕጉ የወላጅ ፈቃድ ፈቃድ የሚሆነው ነገሩ በራሱ ቋንቋ ተነግሮት ሲገባው ነው፣ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ታይትል 6ም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ በትውልድ አገር ሰበብ ሰው እንዳያገል ይከለክላል፣ ቋንቋም እዛ ውስጥ ነው።

አንዳንድ የኛ ሰዎች «ስፔሻል» የሚለውን ሲሰሙ ለልጄ ስም ወጣለት ብለው ይሸሻሉ፣ እናንተም ወላጅ ዝም ሲል ለምዳችሁ ይሆናል። እኛ ስሙ አያስፈራንም፣ የሚያስፈራን ሶስተኛ ክፍል ገብቶ ሁሉም ትምህርት በንባብ ሲሆን እሱ ተቀምጦ ሲያይ ነው።

ስለዚህ የምንፈልገው ይሄ ነው፣ ወይ የፈቃድ ፎርሙን ወይ እምቢታችሁን ከነምክንያቱ በጽሁፍ፣ ከወላጅ መብት መግለጫው ጋር በአማርኛ አድርጋችሁ ስጡን፣ ለሚቀጥለው ሚቲንግ ስራውን የሚያውቅ አዋቂ አስተርጓሚ አምጡ፣ ሴት ልጃችንን ዳግመኛ ከክላስ እንዳትጠሩ፣ የልጁን ፋይልም ሙሉውን ማየት እንፈልጋለን፣ እሱን ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለባችሁ። ምርመራው ተደርጎ ካልተስማማን በናንተ ወጪ ገለልተኛ ምርመራ የመጠየቅ መብት እንዳለንም እናውቃለን። ዝም ካላችሁ ለስቴቱ የትምህርት መስሪያ ቤት ቅሬታ እናስገባለን፣ እነሱ በ60 ቀን መወሰን አለባቸው፣ የዚህ ደብዳቤ ኮፒም አብሮ ይሄዳል። ፎርሙን ከላካችሁልን ግን በደረሰን ቀን ፈርመን እንመልሳለን።

የልጁ ወላጆች