እማዬ፣ ውኃውን ትቅዳልሽ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የጎረቤታችን ልጅ ውኃ ልቅዳልዎ ብትልሽ «ሰው አላስቸግርም» ብለሽ እንደመለስሻት ወንድሜ በስልክ ነገረኝ። እንደምትቆጪኝ ባውቅም ዝም ማለት አልቻልኩም።

እማዬ፣ በልጅነቴ ክረምት ገብቶ እህል ሲያጥር ባሏ ወደሞተባት ጎረቤታችን ትልኪኝ ነበር። «እናቴ እንቅብ አውሺኝ ብላለች በያት» ትይኛለሽ። ቤታችን እንቅብ ሞልቶ ሳለ ለምን እንደምንዋስ አይገባኝም ነበር። ማታ ግን ያንኑ እንቅብ በጤፍ ዱቄት ሞልተሽ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነሽ ታሸክሚኛለሽ። «ባዶ ዕቃ አይመለስም» በያት ትይኛለሽ፤ ሌላ ቃል እንዳልጨምር ታስጠነቅቂኛለሽ። ሴትዮዋም ዕቃዋ ስለተመለሰላት ተቀበለች እንጂ ስለቸገራት አልተቀበለችም። ሰፈሩ አልሰማም፣ ልጆቿም አላፈሩም። እሷ ደግሞ ጥጥሽን ትፈትልልሽ ነበር፤ አንቺም እሺ ብለሽ ታስፈትያት ነበር።

ታኅሣሥ 10 ቀን የሚታሰበው ቅዱስ ኒቆላዎስም እንደዚሁ ነበር። ከብልጽግና ወደ ድህነት ለወረደው ሰው፣ ልጆቹን የሚድርበትን ወርቅ በሌሊት በመስኮት ነው የወረወረለት። ቀን አንኳኩቶ መስጠት ያቅተው ነበር? የሰውየውን ፊት አስቦ ነው።

እዚህ አዲስ አበባ አሁን አሁን ለበዓል ዘይትና ዱቄት ሲሰጥ፣ ተቀባዩን ከነጉስቁልናው በስልክ መቅረጽ ተለምዷል። ብዙዎቹ ሌላውን ለማነሣሣት ብለው እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ግን የተቀረጸችው እናት ልጅ በማግስቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጓደኞቿ ሁሉ ቪዲዮውን አይተውታል። ይህ በጣም ያመኛል። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከሥራ የተቀነሰች ጎረቤት አለችኝ፤ በዓል ሲደርስ ትልቁን ድስቷን እዋሳታለሁ። ከዚህ በላይ አልነግርሽም፤ ጌታችን ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ብሏልና።

አሁን ግን ተራው ያንቺ ነው። መቀበል የሚያሳንስ ቢሆን ኖሮ፣ ጌታችን መንገድ ደክሞት በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ሳምራዊቷን ሴት «ውኃ አጠጪኝ» አይላትም ነበር። ባሕርን የፈጠረ እሱ ነው ውኃ የለመነው! ሉቃስም እነ ዮሐናና ሶስና በገንዘባቸው ያገለግሉት እንደነበር ጽፏል። አንቺ ለዚያች ጎረቤታችን የሰጠሻት ዱቄት ብቻ አይደለም፤ ለሰው የምትተርፍ መሆኗንም አሳየሻት። ይቺ ልጅም በረከት ፈልጋ በርሽ ድረስ መጥታለች። ባዶ እጇን ለምን ትመልሻታለሽ?

ስለዚህ ነገ ጥሪያትና ጀሪካኑን ስጫት። ቀድታ ስትመጣ ቆሎ ዝገኚላት፣ መርቂያት፤ ገንዘብ ለመስጠት ግን አትድከሚ፣ እናቷ ይከፋታል። እሑድ ቅዳሴ ስትሄጂም ክንድሽን ትያዝሽ፤ ደረጃው በዝናብ ያንሸራትታል።

የጉልበትሽን ቅባት ቅዳሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። የግፊት መድኃኒትሽን ጾም ነው ብለሽ እንዳታቋርጪ፤ የንስሐ አባትሽም ፈቅደዋል። ልጅቷ ውኃውን መቅዳት ስትጀምር በወንድሜ ስልክ ደውይልኝ።

ምርቃትሽ አይለየኝ።

ልጅሽ