የቻይንኛዋ «ጅ» እና የግዕዙ «ዘ»

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቻይንኛ መማር ለሚሹ ወጣቶች ባቀረባችሁት ጽሑፍ ላይ፣ በሦስት ጭረት ተጽፋ «ጅ» ተብላ የምትነበበው ፊደል የጥንት መጻሕፍት ቅሪት ስለሆነች ጀማሪዎች ቢዘሏት ጉዳት እንደሌለው ተገልጿል። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ እንደሆነ ባልጠራጠርም ተማሪውን ይጎዳል ብዬ ስለማምን ይህን አስተያየት ልኬአለሁ።

ፊደሏ በዋነኛነት የምታገለግለው ባለቤትነትን ለማመልከት ሲሆን፣ በዕለት ተዕለት ንግግር ይህንኑ ሥራ «ደ» የምትባለው ሌላ ፊደል ትሠራዋለች። በ1919 እ.ኤ.አ. ከተነሣው የተማሪዎች ንቅናቄ ጋር በሕዝቡ አነጋገር የመጻፍ ዘመቻ ከበረታ በኋላ «ጅ» ብዙ ቦታዋን ለ«ደ» ለቀቀች እንጂ አልጠፋችም።

ነገሩ ለእኛ ለጎንደሮች ባዕድ አይደለም። «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ሲባል የሰማ ሁሉ «ዘ» እና «የ» በሥራ አንድ ሆነው ሳለ በማዕረግ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያውቃል፤ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ «ጤፍ ዘማክሰኝት ስንት ነው?» የሚል ግን የለም። በተራ ወሬ መካከል «ጅ»ን የሚሰነቅር ተማሪም ለቻይናውያን ጆሮ እንዲሁ ነው። በቃላት ቅደም ተከተል ግን ቻይንኛው ከግዕዙ ይልቅ ለአማርኛው ይቀርባል፤ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ንብረቱ ይከተላል።

ትዘለል የተባለችው ፊደል ዛሬም የማትቀርበት ቦታ የክፍልፋይ ቁጥር ነው። አምስት በመቶ «ባይ ፈን ጅ ዉ» ይባላል፤ «ባይ» መቶ፣ «ፈን» ክፍል፣ «ዉ» አምስት ነው። አባቶቻችን «ከመቶ አምስት እጅ» እንደሚሉት ሁሉ ጠቅላላው ቀድሞ ድርሻው ይከተላል፤ ሲሶም «ሳን ፈን ጅ ዪ»፣ ማለትም ከሦስት አንድ እጅ ነው። እዚህ ላይ «ጅ»ን በ«ደ» መተካት ፈጽሞ አይቻልም፤ ስለ ወለድ ወይም ስለ ግብር የሚያስተረጉም ሰው «ጅ»ን ዘልሎ የት ሊደርስ ነው?

ሌላም አገልግሎት አላት፤ ከግሥ በኋላ ስትገባ በአማርኛ «አየው»፣ «ተናገሩት» በሚሉት ቃላት መጨረሻ ላይ ያለውን ተሳቢ ትተካለች። ሰዎች ሐሳባቸውን ሲያጠቃልሉ የሚሉት «ጾንግ አር የን ጅ» ቃል በቃል «ጠቅልለው ሲናገሩት» ማለት ሲሆን፣ የመጨረሻዋ «ት» ራሷ «ጅ» ናት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዝግጅታችሁ ፊደሏ ቢያንስ ከቁጥሮች ትምህርት ጋር አብራ እንድትቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከጎንደር