የውጭ ተማሪዎች ቁጥር ሲታተም ማን እንደተቆጠረም ይታተም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሀገራቸው ወጥተው ስለሚማሩ ተማሪዎች የምታወጧቸውን ዘገባዎች በትኩረት ከሚከታተሉ አንባቢዎቻችሁ አንዱ ነኝ። በእነዚህ ዘገባዎች፣ በእናንተም ሆነ በሌሎች መገናኛ ብዙኃን በሚወጡት፣ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ቁጥሩ ይነገራል፤ ካለፈው ዓመት ጨመረ ወይም ቀነሰ ይባላል፤ ቁጥሩ ማንን እንደያዘና ማንን እንደተወ ግን አይነገርም። በዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ የተማሪዎችን መረጃ በማሰባሰብና በማጠናቀር ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው በመሆኔ፣ ጉድለቱን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አልቻልኩም። የመኝታ ክፍል ዕቅድ፣ የስኮላርሺፕ በጀት፣ የመምህራን ቅጥርና የቪዛ ፖሊሲ በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርተው ይወሰናሉ፤ ቁጥሩ ያልያዘው ተማሪ ደግሞ ከዕቅዱም ይቀራል።

አንድ ተማሪ የሌላ ሀገር ዜጋ መሆኑና ለትምህርት ብሎ ድንበር መሻገሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወላጆቹ በተሰደዱበት ሀገር ተወልዶ፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እዚያው የጨረሰ፣ ዜግነት ግን ያላገኘ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በፓስፖርቱ የውጭ ሰው ቢባልም ለመማር ብሎ ከየትም አልመጣም። በአንጻሩ በሌላ ሀገር ያደገችና የተማረች ወጣት ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደ ወላጆቿ ሀገር ብትመለስ፣ ፓስፖርቷ የሀገሬው ስለሆነ ከውጭ መጣች ብሎ የሚመዘግባት የለም፤ ቋንቋውን ለመልመድ፣ ማረፊያ ለማግኘትና የትምህርት ማስረጃዋን አቻ ግምት ለማሠራት የምትቸገረው ግን ከውጭ እንደመጣ ማንኛውም ተማሪ ነው። ዩኔስኮ፣ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እና የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ በጋራ በሚያካሂዱት ዓመታዊ የትምህርት መረጃ አሰባሰብ ሁለቱን ለይተው ያስቀምጧቸዋል። በእነሱ አሠራር ዓለም አቀፍ ተማሪ የሚባለው ለመማር ዓላማ ከመነሻ ሀገሩ ወጥቶ የተመዘገበው ነው፤ መነሻ ሀገር የሚባለውም በቅድሚያ የቀደመ ትምህርቱን ያጠናቀቀበት ሲሆን፣ ያ ካልታወቀ ቋሚ መኖሪያው፣ እሱም ካልተገኘ ዜግነቱ ይወሰዳል። ጀርመን ይህን ልዩነት በግልጽ ከሚያሳዩ ሀገሮች አንዷ ናት፤ የውጭ ዜግነት ያላቸውን ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃቸውን ማስረጃ እዚያው ጀርመን ውስጥ ያገኙና ከውጭ ይዘው የመጡ ብላ በሁለት ረድፍ ትመዘግባቸዋለች። ብሪታንያ በበኩሏ የምትመለከተው ተማሪው ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት ቋሚ መኖሪያው የት እንደነበር ነው።

እንዲህ ያለው ትርጓሜ በሰነድ ላይ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በሬጅስትራር መስኮት ነው። እኔ በሥራ ላይ የማውቀው አንድ የምዝገባ ቅጽ «ሀገር» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ነበረው። የትኛው ሀገር? አንዱ የተወለደበትን ይጽፋል፣ ሌላዋ የፓስፖርቷን፣ ሦስተኛው አሁን ቤት የተከራየበትን። ምዝገባው በኮምፒውተር ሲሆን ደግሞ ሀገሮቹ በፊደል ተራ ተደርድረው ይቀርባሉ፤ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ወደሚቀጥለው ገጽ ማለፍ ስለማይቻል፣ የቸኮለ ተማሪ ወይም ረጅም ሰልፍ የሚጠብቀው መዝጋቢ አናት ላይ ያለውን ስም ይነካና ያልፋል። ከጊዜ በኋላ ፋይሉ ሲከፈት፣ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ቀድማ የምትመጣው አፍጋኒስታን በየትኛውም ክፍል ውስጥ የማይታዩ ተማሪዎች ተመዝግበውላት ትገኛለች። በእጅ ሲጻፍም ከችግር አያመልጥም። «ኮንጎ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ከሁለቱ ኮንጎዎች የትኛዋ እንደሆነች፣ «ጊኒ» ሲባልም ጊኒ ትሁን ጊኒ ቢሳው ወይስ ኢኳቶሪያል ጊኒ በኋላ የሚነግረን የለም። ለዚህኛው ችግር መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል፤ ለእያንዳንዱ ሀገር አንድ ቋሚ ኮድ የሚሰጠውን አይኤስኦ 3166 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ መጠቀም ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ችግር ግን ሳጥኑን ከአንድ ወደ ሦስት ከፍሎ ዜግነትን፣ ከምዝገባ በፊት የነበረውን ቋሚ መኖሪያና ሁለተኛ ደረጃ ወይም የቀደመ ዲግሪ የተጠናቀቀበትን ሀገር ለየብቻ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም።

ቅጹ ተስተካከለ እንበል። የተሰበሰበው ሁሉ ተደምሮ ሲታተም ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። በአሜሪካ የዓለም አቀፍ ትምህርት ኢንስቲትዩት ከተመሠረተበት ከ1919 እ.ኤ.አ. (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የውጭ ተማሪዎችን በየዓመቱ ይቆጥራል፤ «ኦፕን ዶርስ» በተባለው ሪፖርቱ ለ2023/24 የትምህርት ዘመን ያወጣው ቁጥር 1,126,690 ነበር። ይህ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ተጠቅሷል። ከውስጡ 242,782 ያህሉ ግን ትምህርታቸውን ጨርሰው በተማሪ ቪዛቸው ለተግባር ልምምድ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ ናቸው። ሪፖርቱ ይህን አልደበቀም፣ ለብቻው በረድፍ አስቀምጦታል፤ ዜናው ሲጻፍ ግን ረድፉ ይቀራል። ቻይና ለ2018 ያሳወቀችው 492,185 ተማሪዎችን ሲሆን፣ ለዲግሪ የተመዘገቡት 258,122 ነበሩ፤ ቀሪዎቹ ለቋንቋና ለሌሎች የአጭር ጊዜ ትምህርቶች የሄዱ ናቸው። በአውስትራሊያ አንድ ተማሪ መጀመሪያ ቋንቋ፣ ቀጥሎ ዲግሪ ቢማር ሁለት ምዝገባ ይኖረዋል፤ ስለዚህ የምዝገባው ድምር ከሰዎቹ ቁጥር ይበልጣል፣ የሀገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴርም ሁለቱን ለየብቻ ያወጣል። የሦስቱን ሀገሮች ድምር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማን ቀደመ ማን ተከተለ ማለት፣ አንዱ ተመራቂዎቹን፣ ሌላው የቋንቋ ተማሪዎቹን፣ ሦስተኛው መዝገቡን ደምሮ ባመጣው ላይ ፍርድ መስጠት ነው።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዘመንም ሌላ ትምህርት ጥሎ አልፏል። በ2020/21 የአሜሪካው ቆጠራ 914,095 ተማሪዎችን ሲመዘግብ፣ ከሀገራቸው ሳይወጡ በኢንተርኔት የሚከታተሉት ተካተውበት ነበር። ድንበር ያልተሻገረ ሰው ተሻገረ ተብሎ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚለው ጥያቄ የርቀት ትምህርት በተስፋፋ መጠን ይበልጥ የሚያከራክር ነው። እኔ በበኩሌ ይቆጠሩ፣ ነገር ግን በአካል የሚገኙበት ሀገር በራሱ ሳጥን ይመዝገብ እላለሁ።

ወደ ውጭ የሚሄዱትን መቁጠር ከመጡት ይልቅ ይከብዳል። ሙሉ ዲግሪ ለመማር በራሱ አመልክቶ የሚሄድ ተማሪ በሀገሩ በየትኛውም ሬጅስትራር በኩል አያልፍም። የዩኔስኮ የስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩት ከአንድ ሀገር ወጥተው ይማራሉ ብሎ የሚያወጣው ቁጥር ተማሪዎቹን የተቀበሉ ሀገሮች ያሳወቁትን በመደመር የሚገኝ ነው። ተቀባዩ ሀገር ካላሳወቀ ወይም ቢያሳውቅም በመነሻ ሀገር ካልከፋፈለው፣ እነዚያ ተማሪዎች ከላካቸውም ሀገር ቁጥር ይጎድላሉ። በ2000 ሁለት ሚሊዮን አካባቢ የነበረውና በ2022 ወደ 6.9 ሚሊዮን የደረሰው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ድምር የቆመው በዚህ አሠራር ላይ ነው፤ ለአንድ ሴሚስተር ልውውጥ የሚሄዱትንም አይጨምርም። ስለዚህ አንድ ሀገር ከልጆቹ ምን ያህሉ ውጭ እንደሚማሩ የማወቅ ዕድሉ በሌሎች ሀገሮች የምዝገባ ቅጽ ጥራት የተወሰነ ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪዎች ጥቂት ስለሆኑ ቅጹን ማስተካከል አያስፈልግም የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አጋጥመውኛል። እዚህ በስንፍና ባዶ የቀረው ሳጥን በሌላ ሀገር የትምህርት ሚኒስቴር ሠንጠረዥ ላይ የሚጎድል ሰው ነው ብዬ መልሼላቸዋለሁ፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

ለጥቂት ሳምንታት ወይም ለአንድ ሴሚስተር ሄደው የሚመለሱት ደግሞ የሚቆጠሩት በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ነው። በአሜሪካ ይህ መረጃ ከሌላው በአንድ ዓመት ወደኋላ ቀርቶ የሚወጣው፣ ተማሪው ተመልሶ የተማረው ክሬዲት በዩኒቨርሲቲው እስኪያዝለት ስለሚጠበቅ ነው። በ2018/19 ቁጥራቸው 347,099 የነበረው በ2020/21 ወደ 14,549 ወርዶ፣ በ2022/23 ወደ 280,716 ተመልሷል። ከነዚህ ከግማሽ በላይ የሆኑት ቆይታቸው ከስምንት ሳምንት የማይበልጥ ነው። የአውሮፓ ሀገሮች በበኩላቸው በ2009 ባደረጉት የሚኒስትሮች ስብሰባ እስከ 2020 ድረስ ቢያንስ 20 በመቶ ተመራቂዎች ውጭ ተምረው ወይም ሠልጥነው እንዲመጡ ግብ አስቀመጡ፤ ኋላም በአውሮፓ ኅብረት ደረጃ ለመቆጠር ቢያንስ ሦስት ወር ወይም 15 ክሬዲት እንዲሆን ተወሰነ። እንግዲህ ከመምህሩ ጋር ሄዶ በሦስተኛው ሳምንት የተመለሰ ተማሪ፣ ክሬዲት እስካገኘ ድረስ በአንደኛው ቆጠራ ይገባል፤ በሌላኛው ግን ሦስት ወርም 15 ክሬዲትም ስላልሞላ ከቁጥር ውጭ ነው። ሁለቱም ለራሳቸው ዓላማ ትክክል ናቸው፤ ስህተቱ የሚመጣው ሁለቱን አንድ አድርጎ ማንበብ ሲጀመር ነው።

በዚህኛው ሥራ መረጃው አንድ ቦታ ያለመገኘቱ ዋናው ፈተና ነው። የልውውጥ ተማሪዎች ዝርዝር በዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮ፣ መምህራን ለመስክ ሥራ ይዘዋቸው የሚሄዱት በየዲፓርትመንቱ፣ በግል ድርጅት በኩል የሄዱት ደግሞ ትራንስክሪፕታቸው ሲመጣ ብቻ በሬጅስትራሩ ይታወቃሉ። ክሬዲት የማያስገኝ የሥራ ልምምድ ወይም የምርምር ቆይታ የትም አይመዘገብም። የዓመታዊው ቆጠራ መጠይቅ ማስረከቢያ ቀን ሲደርስ አንድ ሠራተኛ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ የኤክሴል ፋይሎችን ይለምናል፤ በሁለት ፋይል ውስጥ ስሟ ያለ ተማሪ ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች፣ በአንድ ጉዞ ሁለት ሀገር ያየ ተማሪም ለሁለቱም ሀገሮች ይጻፍላቸዋል። መዝገቡ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ይከፈት የምለው ለዚህ ነው። በተማሪው መለያ ቁጥር ሥር የሚሄድበት ሀገር፣ የመነሻና የመመለሻ ቀን፣ የሚጠበቀው ክሬዲትና ወጪውን የሚሸፍነው አካል ይጻፍ። «አጭር» ወይም «ረጅም» ብሎ መመዝገብ አይጠቅምም፤ ቀኖቹ ካሉ ስምንት ሳምንትም ሆነ ሦስት ወር የሚጠይቅ ሁሉ የራሱን መስፈርት ማውጣት ይችላል። የሚሰበሰበው ነገሩ ራሱ ይሁን፤ ምደባው በኋላ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ዝርዝር ስጠይቅ የተማሪዎቹን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አልዘነጋሁም። ከአንድ ሀገር የመጣች አንዲት ተማሪ ብቻ ባለችበት ዲፓርትመንት፣ በሀገርና በዲፓርትመንት የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ማተም ስሟን ከመጻፍ አይለይም፤ ተማሪዋ ስደተኛ ከሆነች ደግሞ አደጋው ለእሷ ብቻ ሳይሆን ሀገር ቤት ለቀሩት ቤተሰቦቿም ሊተርፍ ይችላል። የብሪታንያው የከፍተኛ ትምህርት ስታቲስቲክስ ተቋም ቁጥሮቹን ወደ ቅርቡ የ5 ብዜት አጠጋግቶ የሚያወጣው ግለሰቦች እንዳይለዩ ነው። ይህ የማይከብድ ጥንቃቄ ነው፣ የትም ሊሠራበት ይችላል። «አልታወቀም» የሚለው ረድፍም በግልጽ ይታተም እንጂ ቁጥሩ እንዲያምር ለሌሎች ሀገሮች ተሸንሽኖ አይደልደል።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስለ ውጭ ተማሪዎች ቁጥር ስትዘግቡ፣ ከቁጥሩ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምራችሁ መነሻ ሀገራቸው በዜግነት ይሁን በመኖሪያ ወይም በቀደመ ትምህርት የተለየ መሆኑን፣ የዲግሪ ተማሪዎች ብቻ ይሁኑ ወይም ሌሎችም የተካተቱ መሆኑን፣ ቆጠራውም የየትኛው ሴሚስተር እንደሆነ ንገሩን። ዩኒቨርሲቲው ወይም ሚኒስቴሩ ይህን መመለስ ካልቻለ፣ አለመመለሱም ዜና ነውና እሱንም ጻፉት። የሬጅስትራር ኃላፊዎችም ይህን ደብዳቤ ካነበቡ፣ የሚቀጥለው ዓመት የምዝገባ ቅጽ ወደ ማተሚያ ቤት ወይም ወደ ሶፍትዌር ባለሙያዎች ከመላኩ በፊት «ሀገር» የሚለውን ሳጥን እንዲመለከቱት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር