የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከዓሣ ገንዳው በላይ የጠፋው መብራት

ክበባችን ዘንድሮ 32 አባላት ነበሩት። የችግኝ እንክብካቤውም የሳይንስ ትርኢቱም በየጊዜያቸው ተካሂደዋል፤ ስለ ሁለቱም በግድግዳ ጋዜጣችን ወጥቷል። ይህን ገጽ ለቤተ ሙከራው የዓሣ ገንዳ መብራት ልስጠው።

ገንዳው 100 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ውስጡ ትንንሽ ቆሮሶዎችና የውኃ ዕፅዋት አሉ። ክፍሉ ፀሐይ ስለማያገኝ ዕፅዋቱ የሚኖሩት ከላይ በተሰቀለው ባለ 18 ዋት ፍሎረሰንት ነው። ጥር ላይ ከፈተና ስንመለስ መብራቱ እምቢ አለ። ልጆቹ "አምፖሉ ተቃጥሏል" አሉ፤ እኔም ሳላስመረምር ፈቀድኩና ከክበቡ መዋጮ አዲስ ተገዛ። አልበራም። ስታርተሩ፣ ማለትም መብራቱ ሲነሳ ከረንቱን ለአፍታ አሳልፎ የሚለቀው ትንሽ ማብሪያ፣ ተቀየረ። አሁንም አልበራም። ያ ገንዘብ ልጆቹ ከሻይና ከብስኩት ቀንሰው ያዋጡት ነው፤ ከግዢ በፊት ምርመራ ይቅደም ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

በማግሥቱ ከሶኬቱ ነቅለን የመብራቱን ሽፋን ፈታን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጎንበስ ብላ አሸተተችና "ቲቸር፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል" አለችኝ። ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ከረንት የሚቆጣጠረው የሽቦ ጥቅልል ያለበት ክፍል፣ ባላስቱ፣ ቀለሙ ጠቁሯል፤ ጠርዙንም ዝገት በልቶታል። የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ መልቲሜትሩን፣ ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ) ላይ አድርገን ሁለቱን ጫፎች ስንነካ ምንም ንባብ የለም፤ ጥቅልሉ ተበጥሷል። ለማነጻጸር የሌላ መብራት ደህና ባላስት ለካን፤ እሱ በአሥሮች የሚቆጠር ኦም አሳየ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባቸው።

ፍሎረሰንት ውስጥ ያለው ጋዝ አንዴ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ከጀመረ ከረንቱ ሽቅብ ይወጣል፤ የሚገታው ባላስቱ ነው። የሚያስነሳውም እሱ ነው። ስታርተሩ ለቀቅ ሲያደርግ የጥቅልሉ ማግኔታዊ መስክ በድንገት ይፈርስና ከ220 ቮልት በእጅጉ የሚበልጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይህን ክስተት፣ ሰልፍ ኢንዳክሽንን፣ ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ጥያቄ ዘንቦብኝ አያውቅም።

ኤልኢዲ ይግባ ያሉም ነበሩ። ሐሳባቸው ትክክል ነው፤ ፍጆታው ያንሳል። አዲሱ አምፖል ግን ተገዝቷልና ባላስቱን መቀየር ረከሰን። ከአምፖሉ ጋር እኩል ዋት ያለው፣ ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ መረጥን።

ከመግጠማችን በፊት አንድ ልጅ "የመጀመሪያው ለምን ተቃጠለ?" ብሎ ጠየቀ። መልሱ ገንዳው ላይ ነበር። የመስታወት ክዳኑ ጥቅምት ላይ ተሰንጥቆ ተነስቷል፤ ከዚያ ወዲህ እንፋሎቱ በቀጥታ መብራቱ ውስጥ ይገባ ነበር። ስለዚህ አዲስ ክዳን አስቆረጥን፤ ባላስቱንም ከገንዳው አርቀን ግድግዳው ላይ በደረቅ ሳጥን አሰርን። የመሬት ሽቦውን ከብረቱ አካል ጋር አገናኘን። ገመዱን ከሶኬቱ በታች ጎብጦ እንዲንጠለጠል አደረግነው፤ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ሳይደርስ ከጉብጠቱ ይንጠባጠባል። ሥራው እስኪያልቅ አንድ ተማሪ ስፒናውን በእጁ ይዞ ቆመ፤ እሱ ካልለቀቀ ማንም መሰካት አይችልም።

መብራቱ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ብሎ በራ። ከሳምንታት በኋላ ዕፅዋቱ አዲስ ቅጠል አወጡ፤ ከሰዓት በኋላ ቅጠሎቹ ላይ የኦክስጅን አረፋ ይታይ ጀመር። የድሮው አምፖል ሜርኩሪ ስላለው ሳንሰብር በካርቶን አስቀምጠነዋል። የተቃጠለው ባላስት ተከፍቶ፣ የመዳብ ጥቅልሉ እየታየ፣ በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ አለ።