የሂሊየም መሰብሰቢያችንን መልሶ ለማስነሣት የቀረበ ሦስተኛ የድጋፍ ጥሪ

ለፊዚክስ፣ ለሕክምናና ለምህንድስና ቤተ ሙከራ ተጠቃሚዎች በሙሉ፤

መሣሪያዎቻችንን ከሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ሂሊየም የሚተነውን ጋዝ መልሶ ለመጠቀም የሚያጠራቅመው ከረጢት ከተቀደደ ወዲህ፣ ከሦስቱም ክፍሎች የሚተነው ሂሊየም በቀጥታ ወደ ሰማይ እየወጣ ነው። ሁለት ጊዜ ጠይቀን ያገኘነው ከታች ለዘረዘርናቸው ዕቃዎችና ለኮምፕረሰሩ (ጋዙን ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ለሚሞላው ማሽን) እድሳት ዋለ፤ ለከረጢቱ አልተረፈም። ደጋግሞ እጅ መዘርጋት እኛንም አሰልችቶናል። ነገር ግን ሂሊየም ከመሬት በታች ዩራኒየምና ቶሪየም ሲፈራርሱ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተጠራቀመ ነው፤ አንዴ አየር ላይ ከተበተነ ከ1 ሚሊዮን እጅ 5 እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ለቅሞ መመለስ የማይታሰብ ነው።

ከረጢቱ ለምን ተቀደደ ለሚለው ጥያቄ አሁንም በግልጽ እንመልስ። 1 ሊትር ፈሳሽ ሂሊየም ሲተን 750 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል። በዕለቱ ሁለት ክፍሎች በአንድ ሰዓት ውስጥ መሣሪያቸውን በፈሳሽ ሂሊየም ሞሉ፤ የማስተላለፊያ ቧንቧው በቅጡ ሳይቀዘቅዝ ስለተጣደፉ ከእያንዳንዳቸው 20 ሊትር ፈሳሽ ተነነ። ይህ 30 ሜትር ኩብ ጋዝ ነው። ኮምፕረሰሩ በሰዓት የሚስበው 12፣ ከረጢቱ የሚይዘው 10 ነው። የቀረው 8 በማምለጫ ቫልቩ መውጣት ነበረበት፤ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ስለማያውቅ ግን ጎማው ከመቀመጫው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ስፌቱ በማዕዘኑ፣ እጥፋቱ ከብረቱ ጋር በሚፋተግበት ቦታ፣ አንድ ስንዝር ተተረተረ። ቫልቩን በየወሩ በእጅ አንሥቶ መፈተሽ የእኛ ሥራ ነበር፤ አልሠራንም።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፕረሰሩ ሳይጠፋ ስለቆየ በቀዳዳው አየር እየሳበ ሲሊንደሮቹን ሞላ። ናይትሮጅን በ63 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ)፣ ኦክስጅን በ54 ኬልቪን ይጠጥራሉ፤ ሂሊየም ፈሳሽ የሚሆነው በ4.2 ኬልቪን ነው። ስለዚህ አየር የገባበትን ጋዝ እንዲሁ ጋዙን መልሶ ፈሳሽ ወደሚያደርገው ማቀዝቀዣ ማሽን ብንልከው መርፌ የምታህለውን የማስፋፊያ ቀዳዳ በበረዶ ይደፍናታል። አሁን በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘው የከሰል ማጣሪያ ቀስ እያልን እያጠራነው ነው። ከሰሉ ቶሎ ስለሚጠግብ ደጋግሞ ማሞቅና አየሩን በቫኩዩም ፓምፕ መሳብ ያስፈልጋል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ግን የተጣለ ሲሊንደር የለም።

«የቀድሞው ገንዘብ የት ገባ?» ለምትሉ፦ መጀመሪያ የገዛነው ጋዝ የሚያሾልክበትን ቦታ የሚያሳየውን መፈለጊያ ነው። አንዳንዶች ቅንጦት ነው ብለው ነበር። ሂሊየም ግን በጎማ ቱቦ ግድግዳ ውስጥ ሳይቀር ሰርጎ ያልፋል፤ የሳሙና አረፋ ይህን አያሳይም። መፈለጊያው ካሳየን በኋላ የጎማ ቱቦዎቹን አንሥተን በብር ብየዳ የተያያዘ የመዳብ ቧንቧ ዘረጋን፤ ዛሬም ጠብታ አያሾልክም። ቀጥሎ የኦክስጅን ማንቂያ ሰቀልን። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ20.9 ወደ 19.5 በመቶ ሲወርድ ይጮኻል፤ ሂሊየም ወደ ላይ ስለሚሄድ ማንቂያው ጣሪያው ሥር ነው ያለው። ሽታ የሌለው ጋዝ ሳይታወቅ ኦክስጅኑን ገፍቶ ሰው ይገድላል፤ በዚህ ወጪ አንከራከርም።

«ከረጢቱን ትታችሁ ፈሳሽ ግዙበት» የሚል ሐሳብም መጥቷል። ወንፊት ላይ ውኃ መቅዳት ነው።

አሁን የሚፈለገው ይህ ነው፦ 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ ማዕዘኑ በድርብ የተጠናከረ ከረጢት፤ ሁለት ማምለጫ ቫልቭ፣ አንዱ ቢጣበቅ ሌላው እንዲከፍት፤ ከረጢቱ ሲሞላ በየክፍሉ ቀይ መብራት የሚያበራ፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ኮምፕረሰሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ፤ በተጨማሪም 6 ሲሊንደር። ባለ 50 ሊትሩ ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት 9 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይይዛል፤ ይህ ከ12 ሊትር ፈሳሽ ጋር እኩል ነው። ሲሊንደር በዓይነት መስጠት የምትፈልጉ፣ የግፊት ፍተሻ ጊዜው ያላለፈና ከሂሊየም በቀር ሌላ ጋዝ ያልነካው ይሁን። መበየድ የሚችል ሰው በጉልበቱ ቢረዳን እንደ ገንዘብ እንቆጥረዋለን።

በ2008 እ.ኤ.አ. በሰርን (በአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል) ግዙፍ የቅንጣት አፋጣኝ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ተበላሽቶ 6 ቶን ያህል ሂሊየም ሲያመልጥ ሥራው ከ1 ዓመት በላይ ቆሟል። እነሱ አቅም አላቸው፤ እኛ ያለን እርስ በርስ ነን። የሚጥል በሽታ ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነሣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚያሳየው የሕክምናው የስኩዊድ መሣሪያ (እጅግ ደካማ መግነጢሳዊ ኃይል የሚለካ)፣ የምህንድስናዎቹ በቅዝቃዜ ያለ መቋቋም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የኒዮቢየም-ቲታኒየም ሽቦና የፊዚክሱ ክሪዮስታት (ቅዝቃዜ የሚጠብቅ ዕቃ) ከአንድ ቧንቧ ነው የሚጠጡት። አንዱ ክፍል ቢዘገይ ሌላውም ይደርቃል። እምነታችን ቢለያይም ማባከንን የሚፈቅድ የለም፤ ይህ ሀብት ደግሞ ለሚመጡት ተመራማሪዎች በአደራ የተያዘ ነው።

ክፍያው በኮሚቴው የጋራ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ነው፤ አልተቀየረም። በምክንያት ቦታ ላይ «ሂሊየም» ብላችሁ የክፍላችሁን ስም ጨምሩ፤ ባለፈው ጥሪ ያለ ስም የገባው ገንዘብ ከማን እንደመጣ እስካሁን አልለየንም። በእጅ ገንዘብ የሚቀበል የኮሚቴ አባል የለም፤ የኮሚቴ ነኝ ብሎ ሌላ ቁጥር የሚልክላችሁ ካለ አትክፈሉ። ደረሰኝ በሳምንት ውስጥ ካልደረሳችሁ ጠይቁን።

በድጋሚ፦ የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ፣ የጋራ ሒሳብ፣ ምክንያት «ሂሊየም»፣ የክፍላችሁ ስም። ከረጢቱ እስኪተከል ድረስም በአንድ ቀን ከአንድ ክፍል በላይ እንዳይሞላ እንለምናለን።

የሂሊየም መሰብሰቢያ ኮሚቴ