ስለ ካካሜጋ ደን የወፍና የቢራቢሮ ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ለአስጎብኚ ድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልን። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ በእናንተ በኩል ኬንያ ሄደን ነበር። የሄድነው ወፍና ቢራቢሮ ለማየት ነው። ሌላ ጉዳይ አልነበረንም። ስንመዘገብም ይህንኑ ደጋግመን ነግረናችኋል።

ሁለታችንም ደሴ የምናስተምር መምህራን ነን። ቅዳሜ ሲሆን ሐይቅ እንወርዳለን፣ ወይም የጎፍ ደን እንሄዳለን። ወፍ ማየት የለመድነው እዚያ ነው። ለዚህ ጉዞ ከደመወዛችን ሁለት ዓመት ቆጥበናል። የዕቁብ ብርም ጨምረንበታል።

ካካሜጋን የመረጥነው አስበንበት ነው። ከኮንጎ በኩል የሚመጣው የዝናብ ደን ኬንያ ውስጥ የቀረው እዚያ ነው። ከ300 በላይ የወፍ ዝርያ፣ 400 ገደማ የቢራቢሮ ዝርያ አለው። እኛ አገር የማይገኙ ብዙዎች አሉበት።

የሰጣችሁን ፕሮግራም እጃችን ላይ ነው። ሦስት ሌሊት ደኑ ዳር እንደምናድር ይላል። በየቀኑ ጥዋት 12 ሰዓት ከደኑ አስጎብኚ ጋር እንገባለን ይላል። የከፈልነው ለዚህ ነው።

ያሳደራችሁን ግን ኪሱሙ ከተማ ነው። ሆቴሉ ንጹህ ነበር፣ ሠራተኞቹም ጨዋ ናቸው፤ እነሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን ከኪሱሙ እስከ ደኑ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሹፌሩ ቁርስ ሳይበላ አይነሳም። መኪናው ውስጥ ገበያና ሐይቅ ማየት የሚፈልጉ ሌሎች ደንበኞችም ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ደኑ የደረስነው 8 ሰዓት ላይ ነው። አስጎብኚ አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ሳንቆይ ዝናቡ ወረደ። አንዲት ቢራቢሮ ብቻ አየን፤ ቅጠል ሥር ተንጠልጥላ፣ ክንፏን ገጥማ፣ ጠብታው በመታት ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። በሁለተኛው ቀንም ያው ሆነ።

ሰዓቱን የምናነሳው በከንቱ አይደለም። ወፍ የሚዘምረውና ምግቡን የሚፈልገው ጎህ ሲቀድ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ዝም ይላል፣ ዛፉ ውስጥ ይገባል። ቢራቢሮ ደግሞ ሰውነቷ በፀሐይ ሳይሞቅ መብረር አትችልም። ያ አካባቢ በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ስለዚህ ለሁለቱም ያለው ጊዜ ጥዋት ነው። እናንተ የወሰዳችሁብን ያንን ጥዋት ነው።

ስልክ ስንደውል አንድ ሠራተኛችሁ «ጫካውን አይታችሁ የለ እንዴ?» አለን። ይህ ከሁሉም በላይ አሳዘነን።

በመጨረሻው ቀን ከኪሳችን ታክሲ ይዘን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወጣን። የደኑን አስጎብኚም ራሳችን ቀጠርን። ገና ሲነጋጋ አስጎብኚው ልጅ ቆም አለና ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ትልቁ ሰማያዊ ቱራኮ የሚባለው ወፍ! ሁለት ነበሩ። አብዝተው አይበሩም፤ ረጅም ጅራታቸውን እየጎተቱ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፣ ፍሬ ይለቅማሉ። ባለቤቴ ባይኖኩላሩን ይዛ እንባዋ መጣ። ፀሐይ ዛፎቹን አልፋ መንገዱ ላይ ስትወድቅ ቢራቢሮዎች እርጥቡ ጭቃ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ልጁ ጨው ፍለጋ እንደሆነ ነገረን። ቁጭ ብለን መቁጠር ስንጀምር 3 ሰዓት ሆነ። አውሮፕላን እንዳያመልጠን ጥለናቸው ወጣን። ሦስቱም ጥዋት እንደዚህ መሆን ነበረበት።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ደኑ ዳር ለማደር በከፈልነውና በኪሱሙው ሆቴል መካከል ያለው ልዩነት ይመለስልን። ያልመጣው አስጎብኚ ክፍያ፣ የታክሲውና እኛ የቀጠርነው ልጅ ወጪም እንዲሁ። ፕሮግራሙንም አስተካክሉት። ኪሱሙ የምታሳድሩ ከሆነ ኪሱሙ ብላችሁ ጻፉ፤ ከወሎም ሆነ ከሌላ ቦታ ቆጥቦ የሚመጣ ሰው አውቆ ይክፈል።

የፕሮግራሙ ኮፒ፣ የክፍያችን ደረሰኝና የታክሲው ደረሰኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
ሁለት መምህራን ደንበኞቻችሁ፣ ደሴ